የላዳዋ ጉሮሮ

የአዲስ አበባ መካኒክ ቀኑን ሙሉ ጣልያንኛ ሲያወራ ይውላል፤ ጣልያንኛ መሆኑን ግን ልብ አይለውም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። የሞተሩን የላይኛውን ክፍል ቴስታ ይለዋል፤ ጭንቅላት ማለት ነው። በሁለት ብረት መሃል ገብቶ ዘይትም፣ ውኃም፣ ጋዝም እንዳያመልጥ የሚይዘውን ስስ ንጣፍ ጓርኒሲዮን ይለዋል። እኔ አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሬ የወጣሁት «ሲሊንደር ሄድ» እና «ጋስኬት» የሚሉ ቃላት ይዤ ነው። እነዚህን ቃላት ይዞ ምን አለሽ ተራ የሚገባ ሰው እንደ ቱሪስት ይታያል። የሚጠራለት ዋጋም የቱሪስት ነው።

መርካቶ ራሷ በጣልያን ስም ነው የምትጠራው። በወረራው ዘመን ጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የተከሉት ስም እስከዛሬ አለ። ላዳም ብትሆን ሩሲያዊት እንላታለን እንጂ ዘሯ ወዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የሶቪየት መንግሥት ከፊያት ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ አቆመ። ፋብሪካው ያለበት ከተማ ስሙ ቶልያቲ ነው፤ ከጣልያኑ ኮሚኒስት መሪ ከፓልሚሮ ቶልያቲ የተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከዚያ የወጡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች መነሻቸው ፊያት 124 ነበር። ሞተሩ ላይ ግን ትልቅ ለውጥ ተደረገ፤ በፊያቱ ታች ብሎኩ ውስጥ የነበረው ካምሻፍት በላዳ ወደ ላይ፣ ወደ ቴስታው ወጣ። እንግዲህ የላዳን ቴስታ «ቴስታ» ብሎ የሚጠራ የመርካቶ መካኒክ ሳያውቀው በእናቷ ቋንቋ ነው የሚያናግራት።

አጎቴ ላዳውን ከሁለተኛ ባለቤት የገዛው በ1985 ዓ.ም. ነው። እኔ ገና አልተወለድኩም። በደርግ ጊዜ ከገቡት አንዷ ናት፤ 1200 ሲሲ፣ ሰማያዊና ነጭ። የሁለት ልጆቹ ትምህርት የተከፈለው ከእሷ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፍራሼ የተጫነው በእሷ ጣሪያ ላይ ነው። በቤተሰባችን ውስጥ ስለ እሷ ሲወራ «መኪናዋ» አይባልም፤ «ላዳዋ ታማለች»፣ «ላዳዋ ተሽሏታል» ነው የሚባለው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ሁለት ሴቶችና አራት ፌስታል ጭና የሽሮ ሜዳን ሽቅብ ስትወጣ በጭስ መውጫዋ ነጭ እንፋሎት ለቀቀች። አጎቴ አቁሞ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ነበር። ላዳ ለሚነዳ ሰው ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልገውም፤ የቴስታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። ሴቶቹን ይቅርታ ጠይቆ፣ ሒሳባቸውን መልሶ፣ ሌላ ታክሲ አስቆመላቸው።

ማታ ቤቱ ስሄድ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያሰላል። ያገለገለ ቴስታ ከሶማሌ ተራ መግዛት ይቻላል፤ ግን የሌላ ሰው በሽታ መግዛት ሊሆን ይችላል። ያለውን ማሠራት ይቻላል። ሦስተኛውን ምርጫ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ፤ አንድ ደላላ ላዳዋን እንዳለች፣ በቁሟ፣ ለብረት ሊወስዳት ዋጋ ጠርቶለታል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሥራ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የምሠራበት ድርጅት መንገደኛና ሹፌር የሚያገናኝ መተግበሪያ ይሠራል፤ ስሙ ይቅር። ሹፌር ሲመዘገብ «የተመረተበት ዘመን» የሚል ሳጥን አለ። የሞላው ዓመት ከተወሰነው በታች ከሆነ ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይልና ምዝገባው አይቀጥልም። ገደቡን ያወጡት ሌሎች ናቸው፤ ያንን መስመር ኮድ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። አጎቴ ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ስልኬን ተቀብሎ የላዳዋን ዘመን አስገብቶ ቀዩን ጽሑፍ አየው፤ «ቆንጆ ነው፣ ቶሎ ይመልሳል» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አላነሳም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክልም ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እሷ እንደሆነ ገብታለች።»

ቴስታውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። በፌስታል ጠቅልዬ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ፣ ከአውቶቡስ ተራ በእግሬ ተሸክሜው ወረድኩ።

የምን አለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ያውም ለሴት የቀረበ። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ የለቀመው ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ የተሰበረ አልጋ፣ የዛገ ቆርቆሮ መጨረሻው እዚህ ነው። መጨረሻ ይባል እንጂ እዚህ የሚያልቅ ነገር የለም። በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል። የጭነት መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ መጥረቢያ ይወጣዋል። ጎማ በረባሶ ይሆናል። የተጣመመ ሚስማር እያቀና የሚውል ሰው አለ። አሉሚኒየም ደግሞ ቀልጦ ድስት ይሆናል። የላዳ ቴስታ አሉሚኒየም ነው። ከረጢቴን ያዩ ሁለት ልጆች ተከትለው «በኪሎ ነው?» አሉኝ።

ያመለከቱኝ ሰው ስድሳን የተሻገሩ ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ቤታቸው ሁለት ሜትር በሦስት የምትሆን ቆርቆሮ ናት። አንድ የብረት ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ላይ በመጠን የተሰደሩ ሞረዶች፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ሞተር፣ ከሞተሩ የሚወጣ እንደ ጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ የሚተጣጠፍ ዘንግ። ከበሩ በላይ ባለች አንዲት ሚስማር ላይ ብዛት ያላቸው አሮጌ ጓርኒሲዮኖች እንደ ቋንጣ ተሰቅለዋል። ምን እንደሆኑ ያን ቀን አልጠየቅኩም።

ቴስታውን አገላብጠው አዩትና «ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«ሶፍትዌር ነው የምሠራው፣ ጋሼ። የተማርኩት ግን ኢንጂነሪንግ ነው።»

«ጎሽ። ኢንጂነር፣ ናፍጣውን አምጣና እጠበው።»

አጠብኩት። ቫልቮቹን አወጣን፤ ጥቀርሻው ተፋቀ። ከዚያ ወፍራም መስታወት አውጥተው ሰማያዊ ቀለም በጣታቸው እንደ ቅቤ በስሱ ቀቡት፤ የቴስታውን ፊት አስተኝተው ትንሽ ወዲህ ወዲያ አሹት። ሲነሳ ቀለሙ ዳርና ዳር ይዞ መሃሉን ዘሎታል። በሙቀት ጎብጧል ማለት ነው። እኔ ይዤ የመጣሁት ፊለር ጌጅ ነበረ፤ የብረት ማስመሪያ አስደግፌ ከሥሩ ስከትት ያው መሃሉ ላይ ገባ። «ያንተ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ የኔ የት እንደሆነ ይናገራል» አሉ። ፊቱ እንዲላግ ማሽን ወዳላቸው ሰዎች ተላከ፤ በማግስቱ እንደ መስታወት ሆኖ ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ጥገና ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ሞተር ከተፈታ አይቀር አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት መንገድ ይስተካከል አልኳቸው። ይህ ሥራ በዓለም ላይ በተለይ በእሽቅድምድም ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ፋብሪካ ቴስታውንና ማኒፎልዱን ለየብቻ በሻጋታ ያፈሳቸዋል፤ ሲገጣጠሙ የሁለቱ ቀዳዳዎች ሁልጊዜ አፍ ለአፍ አይገጥሙም። አንዱ ትንሽ ወደ ግራ፣ አንዱ ትንሽ ወደ ላይ ይሄዳል። አየሩ በፍጥነት እየገባ ሳለ ድንገት የብረት ደረጃ ያደናቅፈዋል። ጓርኒሲዮኑን እንደ ልክ ወስዶ ሁለቱንም ወገን ማስተካከል ነው ሥራው።

ጋሼ ቀዳዳ አይሉትም፤ «ጉሮሮ» ነው የሚሉት። «አራት የምትውጥበት፣ አራት የምትተፋበት።»

አዲሱን የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን በሁለት ቡሎን ቴስታው ላይ አሰሩት። ፊቱን በማርከር አጥቁረው በመርፌ ጫፍ በየቀዳዳው ዙሪያ ጫሩ። ጓርኒሲዮኑ ሲነሳ በጥቁሩ ላይ ስምንት የሚያበሩ መስመሮች ቀሩ። ማኒፎልዱ ላይም እንደዚያው ተደረገ። ከዚያ ማየት ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ ሁለተኛውና አራተኛው መግቢያ ብዙም አይከፉም። ሦስተኛው ግን ቴስታው ላይ ወደ አንድ ጎን፣ ማኒፎልዱ ላይ ወደ ሌላው ጎን ሄዷል። በካሊፐር ለካሁት፤ በድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

2 ሚሊ ሜትር ምን አላት ሊባል ይችላል። የቀዳዳው ስፋት 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የክቡ ስፋት 707 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል። 2 ሚሊ ሲዛነፍ የሚሸፈነው ጨረቃ የመሰለ ቁራጭ ወደ 60 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመቶ 8 ያህል። እሱም ብቻ አይደለም፤ አየር ጠርዝ ሲመታ ይሽከረከራል፣ ከጠርዙ ኋላ የሞተ ቦታ ይፈጠራል፤ የቤንዚን ጠብታ እዚያ ይቀራል። ይህቺ መኪና ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ሦስተኛው ሲሊንደሯ ከወንድሞቹ ያነሰ ሲተነፍስ ኖሯል። ፋብሪካው አላየውም፣ የመጀመሪያው ባለቤት አላየውም፣ ሁለተኛው አላየውም፣ አጎቴ ሠላሳ ዓመት ነድቷት አላየውም። ሥራዋን ግን ስትሠራ ኖረች።

እኔ ሁሉም ጉሮሮ እስከ ጓርኒሲዮኑ መስመር ድረስ ይከፈት ባይ ነኝ። መስመሩ ከቀዳዳው በሁሉም ወገን ሰፋ ይላል፤ እስከዚያ ቢሄድ 36 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሰፊ መንገድ ብዙ አየር ያስገባል፤ ነገሩ ግልጽ ይመስላል።

ጋሼ መሰርሰሪያቸውን አስቀመጡ። «ጓርኒሲዮን የሚቆርጠው ሰውዬ ያንተን ላዳ አይቷታል?»

«አላየም።»

«ለሁሉም እንዲሆን አስፍቶ ነው የቆረጠው። እሱን ተከትለህ ብረት ትበላለህ? ሁለቱን ጉሮሮ እርስ በርሳቸው አስማማ፤ ጓርኒሲዮኑን በኋላ በመቀስ ታስተካክለዋለህ። ወረቀት ነው የሚቆረጠው፣ ቴስታ አይደለም።» ቀጠሉና «ደግሞስ አጎትህ ይወዳደራል እንዴ?» አሉ።

ቤቴ ገብቼ ያሰላሁት ይህን ነው። የላዳዋ ፒስቶን ስፋቱ 76 ሚሊ ሜትር፣ ምልልሱ 66 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ፒስቶኑ በአማካይ በሰከንድ 6.6 ሜትር ይሄዳል። ያ ሁሉ አየር በ30 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ሲገባ ፍጥነቱ በአማካይ በሰከንድ 42 ሜትር ይሆናል፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጉሮሮው 36 ሲሆን ያው አየር ወደ 29 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 106 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ካርቡሬተር ባለው ሞተር ቤንዚኑን ተሸክሞ የሚወስደው ይህ ፍጥነት ነው። አየሩ ሲሰንፍ ቤንዚኑ ከመንገዱ ወርዶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እሽቅድምድም ላይ ያለ ሞተር 6000 እና 7000 ስለሚዞር አይቸግረውም። ታክሲ ግን ዕድሜው የሚያልቀው ከ3000 በታች ነው፤ ከፌርማታ መነሳት፣ ሽቅብ መውጣት፣ እንደገና መቆም።

ሌላም ገደብ አለ። የመግቢያው ቫልቭ 37 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቭ ሲከፈት አየሩ የሚያልፈው በዙሪያው በሚፈጠረው ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ከቫልቩ ሙሉ ስፋት ጋር እኩል የሚሆነው ቫልቩ የዲያሜትሩን ሩብ፣ ማለትም 9.25 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ነው። ቫልቩ ከዚያ በታች በሆነበት ጊዜ ሁሉ በር ጠባቂው እሱ ነው፤ ጉሮሮው አዳራሽ ቢሆን ለውጥ የለውም። ሒሳቡና ጋሼ አንድ ቃል ተናገሩ። ልዩነቱ ሒሳቡ ማታ እስከ አምስት ሰዓት ፈጀ፤ ጋሼ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት።

በማግስቱ መሰርሰር ተጀመረ። የአሉሚኒየም ብናኝ ቆርቆሮው ውስጥ እንደ ዱቄት ይበናል፤ ጋሼ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመዋል። የሚያስፈራው ክፍል ይህ ነው፤ ከጉሮሮው ግድግዳ ማዶ የማቀዝቀዣው ውኃ መሄጃ አለ። ጥቂት ከበዛ ይበሳል፤ የተበሳ ቴስታ ደግሞ ለድስት ነው የሚሆነው። ጋሼ የሚሄዱት በጆሮ ነው። «ድምፁ ሲቀጥን ብረቱም እየቀጠነ ነው» አሉኝ። ጉሮሮው ወደ ቫልቩ የሚታጠፍበትን የውስጥ ወለል አልነኩትም፤ አየሩ ተደግፎ የሚዞረው በሱ ስለሆነ እዚያ ጋ መቁረጥ ማበላሸት ነው። የመግቢያዎቹን ግድግዳ ሻካራ አድርገው ተዉት፤ ሻካራው የቤንዚኑን ጠብታ እየበተነ ወደ አየሩ ይመልሰዋል። የጭስ መውጫዎቹን ግን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ አሹ፤ ለስላሳ ላይ ጥቀርሻ ቶሎ አይዝም። ከሌሎቹ ሦስት መግቢያዎች የወሰዱት ፍቅፋቂ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ቀን የበላው ሦስተኛው ነው።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጣ። ደላላው ደውሎለት ነበር፤ የዋጋው መልስ ዛሬ ይፈለጋል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቴስታ ዝም ብሎ አየው። ሠላሳ ዓመት የነዳትን መኪና ውስጧን ሲያይ የመጀመሪያው መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ስንት ዓመት ትሄድልኛለች?» አላቸው ጋሼን።

«እኔ ጉሮሮዋን ነው ያየሁት፤ ዕድሜዋን አላየሁም።»

አጎቴ ሳቀ። ቆይቶ ጣቱን ሦስተኛው መግቢያ ውስጥ ሰዶ ዙሪያውን ዳሰሰ። ሌሎቹንም በተራ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ያንተ መተግበሪያ ላይ አትገባም። ለምን ታለፋኛለህ?» አለኝ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ለራሴ ስመልስ የቆየሁት «መኪናዋ ትዝታ ናት» የሚል ነበር፤ ለአጎቴ ግን ትዝታ ነዳጅ አይሞላም። የነገርኩት ያለውን ነው። ላዳዋ መተግበሪያ ላይ አትገባም። ግን ከመርካቶ ዕቃ የሚያወጡ ደንበኞቹ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሚወስዳቸው የደም ግፊት ሕመምተኛ እናት፣ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳቸው ሦስት ተማሪዎች በመተግበሪያ አልመጡም፤ በስልክ ነው የሚጠሩት። ደላላው የጠራው ዋጋ የስንት ወር ገቢ እንደሆነ ወረቀት ላይ አሰላንለት። ሰባት ወር ሆነ። ከሰባት ወር በኋላ ምን ይነዳል? ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ወደ ውጭ ወጥቶ ደወለ። ሲመለስ «ሽሮ እንዲሠራባት ከምሰጣት ራሴ ብነዳት ይሻላል» አለ።

ከመገጣጠሙ በፊት የኔ ተራ መጣ። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አወጣሁ። ቫልቮቹ ገብተው፣ ካንዴላዎቹ ታስረው፣ አንድ ቀዳዳ ያለው ቁራጭ መስታወት በቅባት እየተለጠፈ አራቱንም የቃጠሎ ጓዳዎች በላምባ ሞላኋቸው፤ እያንዳንዱ ስንት እንደሚይዝ ጻፍኩ። ጓዳው ያነሰበት ሲሊንደር አየሩን ይበልጥ ይጨምቃል፤ አራቱ እኩል ካልሆኑ ሞተሩ አራት የተለያየ ጠባይ ይኖረዋል። ጋሼ መጀመሪያ ከንቀት ጋር አዩኝ። ሁለተኛው ከሌሎቹ ትንሽ አንሶ ሲገኝ ግን ቀርበው አዩ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት፤ ያው ነው። መሰርሰሪያቸውን አንስተው ከጓዳው ጣሪያ ጥቂት ፋቁለት፤ እንደገና ለካን፤ እኩል መጣ። ሲሪንጁን ከእጄ ተቀብለው አላስመለሱትም። መሳቢያቸው ውስጥ ከካሊፐራቸው አጠገብ አስቀመጡት።

ፊቱ ስለተላገ ጓዳዎቹ ሁሉ ጥቂት አንሰዋል፤ ጭመቁ ጨምሯል ማለት ነው። ጅቡቲ ላይ ቢሆን ያሳስበኝ ነበር። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ በስስ አየር ላይ ጭመቁ ትንሽ ቢጨምር ሞተሩ አያንኳኳም። ያው ስስ አየር ግን ሌላ ዕዳ አለበት፤ ፋብሪካው 60 ገደማ የፈረስ ጉልበት የሰጣት መኪና እዚህ ከተማ የምታገኘው 45 ገደማ ነው። ወደ እንጦጦ ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን ማንም ሞረድ አይመልሰውም። ጉሮሮ ማስተካከል አየር አይፈጥርም፤ ያለው አየር እንዳይባክን ያደርጋል እንጂ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳ ሞተር ሁሉ ከአንድ አራተኛ የጎደለ እንጀራ ላይ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር እዚህ ከቶልያቲ የበለጠ ትከብዳለች።

ገጠምናት። የቴስታው ቡሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር ጠበቁ። የቫልቮቹ ክፍተት በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊ ሜትር ተሰጠ። ማኒፎልዱ ገባ፤ ጓርኒሲዮኑ በጋሼ መቀስ ተከርክሞ ነበርና ወደ ውስጥ የገባ ጠርዝ የለውም። አጎቴ ቁልፉን አዞረ። በሦስተኛው ሙከራ ያዘች፤ ትንሽ አሳለች፣ ከዚያ ተረጋጋች። መከለያው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀመጠ፤ የድሮ ሹፌሮች ሙከራ ነው። ውኃው ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልፈሰሰም።

ድሮ በሁለተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን የሽሮ ሜዳ ሽቅብ አሁን በሦስተኛ ትወጣዋለች። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የጉሮሮው ሥራ ነው፣ ስንቱ የአዲሱ ጓርኒሲዮን፣ ስንቱ ከመቀመጫቸው ጋር የታሹት ቫልቮች ብሎ መለየት አይቻልም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ነው የተለወጠው። እኔ ይህን ለአጎቴ ላስረዳው ሞከርኩ። እሱ «ትወጣለች?» አለኝ። ትወጣለች አልኩት። «እንግዲያው በቃ።»

እኔ ግን የቀረኝ ሌላ ነገር ነው። በሙያዬ አሮጌ ነገር ስም አለው፤ የማንፈልገውን፣ ልንነካው የምንፈራውን፣ ግን ደሞዛችንን የሚከፍለውን ኮድ «ሌጋሲ» እንለዋለን። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር አንድ ሰው «ከባዶ እንጻፈው» ይላል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። አሁንም አንዳንዴ እላለሁ፤ ከባዶ መጻፍ ያለበት ነገር አለና። ግን ከማለቴ በፊት ጋሼ እንዳደረጉት ቀለም ቀብቼ የትኛው ጋ እንደማይገጥም አያለሁ። ብዙ ጊዜ ስምንቱ ጉሮሮ አይደለም የተበላሸው፤ ሦስተኛው ብቻ ነው።

ቀዩ ጽሑፍ አሁንም እዚያው አለ። ገደቡ በዘመን ብቻ ከሚሆን በቴክኒክ ምርመራ ውጤትም ይታይ ብዬ ለሚመለከታቸው ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። መልስ አልመጣም። ቢመጣም አጎቴ ይመዘገብ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ደንበኞቹ በቂው ናቸው።

ሒሳብ ልከፍል ስሄድ ጋሼ ለልክ የተጠቀሙበትን አሮጌውን የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን አቀበሉኝ። በላዳዋ ጉሮሮ ልክ ተከርክሟል። «ጻፍበት» አሉኝ፤ ማርከሩን ሰጡኝ። ያኔ ነው ከበሩ በላይ የተሰቀሉት ምን እንደሆኑ የገባኝ። እያንዳንዱ በእጃቸው ያለፈ የአንድ ሞተር ልክ ነው፤ ቮልስዋገን፣ ፊያት፣ ዲኤክስ፣ ላንድሮቨር። አንዳንዱ ላይ ጽሑፍ አለ፣ አንዳንዱ ላይ ምልክት ብቻ፤ አንዱ ላይ የልጅ እጅ ጽሑፍ አለ።

«ላዳ 1200። ሦስተኛው መግቢያ 2 ሚሊ ዞሯል። እስከ ጓርኒሲዮኑ መስመር አይከፈት» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት። «የሁለተኛውን ጓዳም ጨምር፤ የላምባውን» አሉ። ጨመርኩ። ሚስማሯ ላይ፣ ከሁሉም ፊት ሰቀሉት።